ሳይት ላይ የሚነገሩ ቃላትና በውስጣቸው ያለው ቁጥር

ቤት የሚያሠራ ሰው ሳይት ላይ ብዙ ቃል ይሰማል፦ ሰሌክት፣ ሊን፣ ግሬድ ቢም፣ ስታፋ፣ ከቨር፣ ሊሾ። አብዛኛውን በግምት ይረዳዋል፣ ፎርማኑን መጠየቅም ያሳፍረዋል። እያንዳንዱ ቃል ግን በውስጡ ቁጥር አለው፤ ውፍረት፣ ድብልቅ ወይም ርቀት። «ሃርድኮር (ከወለል ሥር የሚደረደር ድንጋይ) ተሠርቷል» ሲባል ሥራው ምን ያህል እንደተሠራ ገና አልታወቀም። «25 ሴ.ሜ ሃርድኮር ተደርድሮ ተጠቅጥቋል» ከተባለ ግን ሜትር ይዞ ሄዶ ማረጋገጥ ይቻላል። በውል ላይ ያልሰፈረ ቁጥር በሠራተኛው ጊዜና በዕለቱ በተረፈው ሲሚንቶ ይወሰናል። ስለዚህ ቃላቱን ቤቱ ከመሬት በሚነሳበት ቅደም ተከተል ከነቁጥራቸው እንያቸው። ምሳሌዎቹ አዲስ አበባና አካባቢዋ ለሚሠራ ባለ አንድ ወለል ወይም ጂ+1 መኖሪያ ቤት የሚሆኑ ናቸው። መሐንዲሱ በስትራክቸራል ፕላኑ ላይ የጻፈው ከዚህ ከተለየ የእሱ ይበልጣል።

አስቀድሞ ስለ ውል። «በእጅ ዋጋ» ማለት ባለቤቱ ዕቃውን እያቀረበ ለጉልበትና ለሙያ ብቻ የሚከፍልበት ነው። «ከነማቴሪያሉ» ሲሆን ሁሉንም የሚያቀርበው ኮንትራክተሩ ነው። በእጅ ዋጋ የሚሠራ ሰው ሲሚንቶ ቢባክን የሚጎድለው ነገር የለም፣ ከነማቴሪያሉ የያዘው ደግሞ ሲሚንቶ በቀነሰ ቁጥር ያተርፋል። መቆጣጠር ያለባችሁም እንደ ውሉ ዓይነት ይለያያል፤ በመጀመሪያው ብክነትን፣ በሁለተኛው ጉድለትን። በሁለቱም ግን ፎርምወርክ ወይም ፎርም (አርማታው እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ)፣ አጣና፣ ማደባለቂያው ሚክሰርና አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠብቀው ቫይብሬተር ማን እንደሚያቀርብ በጽሑፍ ይስፈር። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው ከነዚህ ነው።

መሬትና መሠረት

የመጀመሪያው ሥራ የላዩን አፈር 20 ሴ.ሜ ያህል ማንሳት ነው። ሥርና ብስባሽ ያለበት አፈር ላይ ወለል ከተሠራ ብስባሹ ሲከስም ወለሉ ይሰምጣል።

ቀጥሎ «ሴቲንግ አውት» ይመጣል፣ ቤቱን በገመድና በችካል መሬት ላይ ማውጣት። ማዕዘኑ ልክ መሆኑን በ3፣ 4 እና 5 ታረጋግጣላችሁ፦ በአንዱ ገመድ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርጋችሁ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ከሆነ ስኳድራ ነው። ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያሉትን የቤቱን ሁለት ሰያፎችም ለኩ፤ እኩል ካልሆኑ ቤቱ ተንጋዷል። ቁፋሮ ከተጀመረ በኋላ ማስተካከል ውድ ነው፣ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ከቆመ በኋላ ደግሞ አይታሰብም። የተንጋደደ ቤት ሴራሚክ ሲነጠፍ በየክፍሉ ጥግ ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጭ ያስፈልገዋል።

«ጥቁር አፈር» የሚባለው ቦሌን፣ ሲኤምሲንና ሌሎች የከተማዋን ሜዳማ ክፍሎች የሸፈነው ሸክላማ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ወለልን ወደ ላይ የሚገፋው፣ አጥርን የሚያጋድለው፣ በር አልዘጋ የሚያሰኘው ይህ እብጠት ነው። መሠረቱ ጥቁሩን አልፎ ጠንካራው ላይ ማረፍ አለበት። ከወለሉ ሥር ያለው ጥቁር አፈርም መሐንዲሱ በሚወስነው ጥልቀት ወጥቶ በ«ሰሌክት» ይተካል፤ ይህም ውሃ ቢነካው የማያብጥ፣ ተመርጦ የመጣ አፈር ወይም ገረጋንቲ ነው። ሰሌክት ከ20 ሴ.ሜ በማይበልጥ ንብብር እየተነጠፈ፣ እየረጠበና እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ብዙ ሳይት ላይ ግን መኪናው አንድ ሜትር ያህል ገልብጦ ላዩ ብቻ ይመታል። ከዓመት በኋላ ወለሉ ከዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ከሚለጠፈው ጠርዝ) ተላቆ ሲወርድ ጥፋቱ በሴራሚክ ሠራተኛው ላይ ይላከካል፤ እውነተኛው ጥፋት ግን ያኔ ያልተጠቀጠቀው ሙሌት ነው።

ከጉድጓዱ ወለል ላይ በቅድሚያ የሚፈሰው ስስ አርማታ «ሊን» ይባላል፦ 5 ሴ.ሜ ውፍረት፣ የጥንካሬ ደረጃው ሲ-5፣ በሜትር ኩብ 150 ኪሎ ሲሚንቶ። ጭነት አይሸከምም። ጥቅሙ ብረቱ ጭቃ ላይ እንዳይተኛና ንጹሕ፣ ደልዳላ ቦታ እንዲኖር ነው። በላዩ «ፉቲንግ» ይመጣል፣ የኮለኑ እግር ማለት ነው፤ የኮለኑን ጭነት ለሰፊ መሬት ያካፍላል። በፉቲንጎቹ መካከል 50 ሴ.ሜ የሚወፍር የድንጋይ ግንብ ይሠራና በላዩ «ግሬድ ቢም» ይታሰራል፤ ቢም አግዳሚ የአርማታ ተሸካሚ ነው። ግሬድ ቢሙ ኮለኖቹን ከታች ያያይዛል፣ የምድር ቤቱንም ግድግዳ ይሸከማል። ግንቡ በከበበው ቦታ ውስጥ ደግሞ 25 ሴ.ሜ ሃርድኮር ይደረደራል፤ ድንጋዩ ቆሞ፣ ክፍተቱ በጥቃቅን ድንጋይ ተሞልቶ። ከዚያ 10 ሴ.ሜ ያህል የወለል አርማታ ይፈስሳል። የፍሳሽና የውሃ ቱቦዎች ከዚህ ሙሌት በፊት መቀበር አለባቸው። አለዚያ በኋላ ግሬድ ቢም በመሮ ይቦረቦራል።

ብረት

ብረት የሚቆጠረው በ«ቤርጋ» ነው፤ አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። ክብደቱን ለማወቅ በሚ.ሜ የተለካውን ዲያሜትሩን በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉ፤ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 12ቱ 144 ሲካፈል ለ162፣ 0.89 ኪሎ ነው፤ ቤርጋው 10.7 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ባለ 8ቱ ቤርጋ 4.7፣ ባለ 14ቱ 14.5፣ ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ገደማ።

ይህን ስሌት የምጽፈው ገበያው ላይ «12» ተብሎ ከ12 የሚቀጥን ብረት ስላለ ነው። አንድ ኩንታል ትክክለኛ ባለ 12 ከ9 ቤርጋ ተኩል አያልፍም። 10 ሙሉ ቤርጋ ከሆነ 6 በመቶ ገደማ ጎድሏል። በኪሎ ለሚገዛ ሰው ቀጭን ብረት ኪሳራ አይመስልም፤ በአንድ ኩንታል ተጨማሪ ቤርጋ ያገኛልና። መሐንዲሱ ያሰላው ግን በኪሎ ሳይሆን በዲያሜትርና በቁጥር ነው። ኮለኑ ውስጥ 6 ባለ 14 ብረት ተብሎ 6 ቀጭን ብረት ከገባ የጎደለው ከኮለኑ ጉልበት ነው። ሚዛን ላይ አምስት ቤርጋ አስቀምጡ፣ ከላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ጥቂት መቶኛ ልዩነት የሚጠበቅ ነው።

«ስታፋ» በኮለንና በቢም ዋና ብረቶች ዙሪያ የሚታሰረው ቀለበት ነው። ሥራው ዋናዎቹ ብረቶች በጭነት ወደ ውጭ እንዳይፈነዱና አርማታው እንዳይቆረጥ ማቀፍ ነው። ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው ርቀቱ፤ ፕላኑ ላይ «ዲያሜትር 8 በየ15 ሴ.ሜ» ካለ ሜትር አውጥታችሁ ለኩ። ከቢም ጋር በሚገናኝበት የኮለን ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ ይጠጋጋል፤ እዚያ መጠጋጋት ያለበትን ፌራዮው (ብረት አሳሪው) እንዳይዘልለው። ሁለተኛው መንጠቆው። የስታፋው ሁለት ጫፎች 135 ዲግሪ ወደ ውስጥ፣ ወደ አርማታው እምብርት መታጠፍ አለባቸው፤ ጭራቸውም የዲያሜትሩን 10 እጥፍ ይሁን፣ ለባለ 8ቱ 8 ሴ.ሜ። በ90 ዲግሪ ማጠፍ ስለሚቀል ብዙ ቦታ የሚታየው እሱ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን የውጭው አርማታ ይረግፍና በ90 የታጠፈው ስታፋ ይፈታል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። ስምጥ ሸለቆ አጠገብ ቤት እየሠራን ስታፋን እንደ ጌጥ ማየት አይገባንም።

«ኦቨርላፕ» አንዱ ብረት አልቆ ሌላው ሲቀጥል ተደራርበው የሚሄዱበት ርዝመት ነው። ፕላኑ ይወስነዋል፣ በአብዛኛው የዲያሜትሩ ከ40 እስከ 60 እጥፍ ነው። ባለ 14 ብረት በ50 እጥፍ 70 ሴ.ሜ ይደራረባል። ሁሉም ብረት አንድ ቦታ ላይ ከተቀጠለ ያ ቦታ ይደክማል፤ ቅጥያዎቹ ፈረቃ ይያዙ።

«ከቨር» ከብረቱ ውጪ ያለው የአርማታ ቆዳ ነው። ለስላብ (ለአርማታ ጣራ ወይም ወለል) ከ15 እስከ 20 ሚ.ሜ፣ ለቢምና ለኮለን 25 ሚ.ሜ፣ ለፉቲንግ 50 ሚ.ሜ ያህል የተለመደ ነው። ቆዳው ከሳሳ እርጥበት ገብቶ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ አብጦ አርማታውን ይገሸልጠዋል። ርቀቱ የሚጠበቀው ከሲሚንቶና ከአሸዋ አስቀድሞ በተሠራ ስፔሰር ነው። ጠጠር ወይም እንጨት መሸጎጥ አያዋጣም፤ ጠጠሩ በሙሌት (አርማታ በሚፈስበት) ሰዓት ይንሸራተታል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ከታች ያለው የስላብ ብረት ፎርሙ ላይ ተኝቶ ካያችሁ ሙሌቱ መጀመር የለበትም። የላይኛው ብረት ደግሞ ሠራተኛ እየረገጠው ይወርዳል። በረንዳ ላይ ይህ እጅግ አደገኛ ነው፤ የተንጠለጠለ ስላብን የሚይዘው የላይኛው ብረት ነውና።

ውጭ አገር ሆናችሁ በዘመድ በኩል የምታሠሩ ወገኖች፣ ፎቶ ስትጠይቁ ከሙሌት በኋላ ያለውን ሳይሆን ከሙሌት በፊት ያለውን ጠይቁ፤ ብረቱ ላይ ሜትር ተዘርግቶ፣ የስታፋው ርቀት እየተነበበ። ከሙሌት በኋላ ሁሉም ኮለን አንድ ዓይነት ነው።

አርማታ

«ሲ-25» ማለት 15 ሴ.ሜ በ15 በ15 የሆነ የአርማታ ኪዩብ በ28ኛው ቀን ሲጨመቅ በአንድ ሚሊ ሜትር ካሬ 25 ኒውተን የሚችል ነው። በአዳዲስ ፕላኖች «ሲ 20/25» ተብሎ ይጻፋል፤ የኪዩቡ ቁጥር ሁለተኛው ነው። በእኛ አገር አሠራር ሲ-25 በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይይዛል፣ ማለትም 3 ኩንታል ከ60 ኪሎ። ድብልቁ በተለምዶ 1፡2፡3 ነው፤ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር።

እዚህ ላይ «ቦክስ» የሚባለው ይመጣል። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ይዞታው 35 ሊትር ያህል ነው። ውስጡ 50 በ40 ሆኖ ቁመቱ 18 ሴ.ሜ የሆነ የእንጨት ሳጥን 36 ሊትር ይይዛል። አንድ ከረጢት፣ ሁለት ቦክስ አሸዋ፣ ሦስት ቦክስ ጠጠር። የቦክሱን ቁመት 25 አድርጎ የሠራ ሰው ከእያንዳንዱ ድብልቅ ሳይታወቅ ሲሚንቶ ቀነሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ ቦክሱን ራሳችሁ ለኩ። በእጅ ጋሪና በአካፋ የሚለካ ድብልቅ ደግሞ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይሆንም።

በዚህ ልክ ለአንድ ሜትር ኩብ 7 ከረጢት ከ10 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 0.52 ኩብ አሸዋ፣ 0.78 ኩብ ጠጠር ያስፈልጋል። 80 ካሬ፣ 15 ሴ.ሜ የሚወፍር ሶሊድ ስላብ (ብሎኬት የሌለበት) 12 ሜትር ኩብ ነው፦ ሲሚንቶ 43 ኩንታል ከ20፣ አሸዋ ከ6 ኩብ ጥቂት የሚበልጥ፣ ጠጠር 9 ኩብ ተኩል ገደማ። ከ5 እስከ 10 በመቶ ለብክነት ጨምሩ። ሁሉም ዕቃ ሳይት ላይ ሳይገባ ሙሌት አይጀመር። መሃል ላይ ሲሚንቶ አልቆ ሥራ ከቆመና የፈሰሰው ከጠጠረ፣ በማግስቱ የሚቀጠለው አርማታ ከቀደመው ጋር አይዋሃድም። ያ መስመር ጣራ ከሆነ ክረምት ላይ ውሃ ያሳልፋል። ማቆም ግድ ከሆነ የት እንደሚቆም መሐንዲሱ ያመልክት።

አሸዋ ስትገዙ መኪናው ተጭኖ እንደመጣ ርዝመቱን፣ ወርዱንና የጭነቱን ከፍታ ለኩ፤ ሻጩ በሚናገረው ኩብ ሳይሆን በዚህ ክፈሉ። የረጠበ አሸዋ ከደረቁ በሩብ ያህል ሊያብጥ እንደሚችልም አስቡ። ጭቃ መኖሩን በጠርሙስ ፈትሹ፦ አሸዋ፣ ውሃና ቆንጠር ያለ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ናጡትና ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። ከታች 10 ሴ.ሜ አሸዋ ካለ በላዩ የሚዘቅጠው ጭቃ ከ6 ሚ.ሜ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። የኢትዮጵያ ደረጃ የሚፈቅደው 6 በመቶ ነው። ጭቃው አሸዋና ሲሚንቶ እንዳይያያዙ ያደርጋል።

ሲሚንቶው ኦፒሲ ነው ወይስ ፒፒሲ? ኦፒሲ ቶሎ ይጠነክራል፣ ለኮለን፣ ለቢምና ለስላብ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ፒፒሲ ፖዞላና የተቀላቀለበት፣ በዝግታ የሚጠነክር ሲሆን ለግንብና ለልስን ጥሩ ነው። ለአርማታ ከተጠቀማችሁበት ፎርም የምታነሱበትን ቀን አስረዝሙ። ከረጢቱ መሬት ሳይነካ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። በእጅ ሲጨመቅ የማይፈርስ እንክብል ካለው ለስትራክቸር አይሆንም።

ውሃ ብዙ ቤት አበላሽቷል። ለአንድ ከረጢት 25 ሊትር ይበቃል፣ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ሠራተኛው ግን አርማታው በቀላሉ እንዲፈስለት ውሃ ይጨምራል። 35 ሊትር ከገባ ሲ-25 ብላችሁ የከፈላችሁበት አርማታ ሲሶ ያህል ጉልበቱን ሊያጣ ይችላል፤ ሲሚንቶው ሙሉ ቢሆንም። አርማታው አልሄድ ካለ መፍትሔው ቫይብሬተር ነው። ቫይብሬተር ያልደረሰበት ቦታ ፎርሙ ሲነሳ ጠጠሩ ያገጠጠና ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል፣ «ሃኒኮም» የሚባለው ነው። ኮለን ላይ ሃኒኮም ካያችሁ ማንም በልስን ሳይሸፍነው መሐንዲሱ ይየው።

«ኪዩሪንግ» አርማታውን እርጥብ አድርጎ ማቆየት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር እየተዋሃደ ስለሆነ ውሃው በፀሐይና በነፋስ ከሄደ ሥራው ይቋረጣል። ከሙሌቱ ማግስት ጀምሮ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን። ስላብ ላይ ውሃ አቁሩ፤ ኮለን ላይ ጆንያ ጠምጥማችሁ አርጥቡ። ጠዋት አንድ ጊዜ ረጭቶ መሄድ በኅዳርና በታኅሣሥ ነፋስ ምንም አይደለም። ጥበቃው ውሃ የማጠጣት ኃላፊነት እንዳለበት በግልጽ ይነገረው፣ ይከፈለውም።

ፎርም የሚነሳበት ጊዜም ቁጥር አለው፦ የኮለንና የቢም ጎን ከ18 ሰዓት በኋላ፣ የስላብ ፎርም ድጋፉ ሳይነካ በ7 ቀን፣ የስላብ ድጋፍ በ14 ቀን፣ የቢም ድጋፍ በ21 ቀን። አጣና የተከራየ ሰው ቶሎ መመለስ ይፈልጋል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የጎበጠ ስላብ ቀጥ አይልም።

«ሪብድ ስላብ» ከሆነ በጠባብ ቢሞች መካከል ብሎኬት ተደርድሮ በላዩ 6 ሴ.ሜ ያህል አርማታ ይፈስሳል። ከሙሌቱ በፊት ብሎኬቶቹን አርጥቡ፣ አለዚያ የአርማታውን ውሃ ይመጡታል።

ግድግዳ፣ ጣራና ፊኒሺንግ

ብሎኬት 40 በ20 ሴ.ሜ ፊት አለው፤ ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20። ለአንድ ካሬ 12 ተኩል አስቡ፣ ሰባራውን ጨምሮ 13። ማያያዣው 1፡3 ወይም 1፡4 ሲሚንቶና አሸዋ ነው። በር ወይም መስኮት ላይ የሚያልፈው «ሊንቴል» በሁለቱም ጎን ቢያንስ 20 ሴ.ሜ ግድግዳው ላይ ይረፍ፤ ሲያንስ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ላይ የሚሄድ ሰያፍ ስንጥቅ ይመጣል። ብሎኬቱ ከኮለን ጋር በሚገናኝበት መስመር ከልስን በፊት የዶሮ ሽቦ ይመታ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ስለሆኑ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቅ እኩል አይንቀሳቀሱም፣ ቀጥ ያለው ስንጥቅም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ልስን በሦስት ዙር ይሠራል፣ አጠቃላይ ውፍረቱ 2 ሴ.ሜ ገደማ ነው። 4 ሴ.ሜ ከደረሰ ግንበኛው ቱንቢውን ስቶታል፣ ትርፉን ሲሚንቶ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። «ሊሾ» የወለሉ የሲሚንቶ ልስን ነው። የወለል ማጠናቀቂያው በጠቅላላ 5 ሴ.ሜ ያህል ይወስዳል፤ በርና ደረጃ የሚለካው ይህ ታስቦ ነው። የደረጃው የመጨረሻ እርከን ከሌሎቹ አንሶ ወይም በልጦ የሚገኘው ይህ ሲረሳ ነው።

ቆርቆሮ ላይ ጌጅ የሚባለው ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 32 ከ28 የሳሳ ነው። ጣራው በፓራፔት (በጣራው ዙሪያ ከፍ ብሎ በሚሠራ ግድግዳ) ከተደበቀ አሸንዳው ከቤቱ ውስጥ ይሆናል። ሰፋ ያለ፣ ወደ መውረጃው ተዳፋት ያለውና ሁለት መውረጃ ያለው ይሁን፤ አንዱ በቅጠል ቢዘጋ የሐምሌ ዝናብ በኮርኒስ እንዳይመጣ።

መታጠቢያ ቤትን ከሴራሚክ በፊት ፈትሹ። ውሃ መከላከያው ከተቀባ በኋላ ፍሳሹን ድፈኑ፣ 5 ሴ.ሜ ያህል ውሃ ሙሉ፣ ግድግዳው ላይ የውሃውን ልክ በእርሳስ አስምሩና 24 ሰዓት ተዉት። መስመሩ ከወረደ ወይም ከታች ያለው ኮርኒስ ከረጠበ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ ቱቦው ስላቡን የሚያልፍበት ዙሪያ ነው። እዚያ ተጠግኖ እንደገና 24 ሰዓት ይሞላል፤ ሴራሚኩ የሚነጠፈው ውሃው ልኩን ከጠበቀ በኋላ ነው።